ለጉልበት ሕመም የሚሸጠውን የኤሌክትሪክ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት

እናት አባታችሁን ጉልበት የሚያማቸው ሁሉ እባካችሁ ይህን አንብቡ። አዳራሽ ተከራይተው «ነፃ ምርመራ፣ ነፃ ሕክምና» እያሉ አረጋውያንን የሚሰበስቡ ሻጮች አሉ። እናቴ በዚህ መንገድ 27,000 ብር አጥታለች። ገንዘቡ ለኩሽናዋ ቆርቆሮ ብላ ያስቀመጠችው የዕቁብ ዕጣዋ ነበር።

አካሄዳቸውን በደንብ ልንገራችሁ። ጎረቤት ጠርታት ሄደች። ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ ጉልበቷ ግራና ቀኝ አራት ተለጣፊዎች ለጥፈው ማሽኑን ከፈቱላት። ውርር አደረጋት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ «እማማ፣ እስቲ ተነሥተው ይራመዱ» አሏት። ተራመደች፣ ቀለል ብሏት ነበር። አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበላት። በማግስቱም ሄደች፣ በሦስተኛውም ቀን። ዐሥር ቀን ሙሉ በነፃ። ሻይ ያቀርቡላታል፣ ስሟን ይዘዋል፣ ከበር እስከ ወንበሯ ደግፈው ያስገቧታል። በዐሥራ አንደኛው ቀን ነፃው አበቃ፤ «ቅናሹ እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ነው» ተባለች። ዐሥር ቀን እንደ ልጅ የተንከባከባትን ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት ለእናቴ ከባድ ነው። እኛን ሳታማክር ከፈለች።

ዕቃው ቴንስ የሚባለው ነው። ተለጣፊዎች ባሏቸው ቀጫጭን ገመዶች በቆዳ በኩል ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ነርቭ ይልካል። እነሱ እንዳሉት አዲስ ግኝት አይደለም። የሚሠራበትን መንገድ ለማስረዳት የሚጠቀሰው ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጡት ሐሳብ ነው። የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት ሰረሰራችን ውስጥ እንደ በር ያለ ቦታ ያልፋል፤ የንክኪና የንዝረት መልእክት ሲበረታ በሩ ለሕመሙ ይጠብባል። ክርናችን ግድግዳ ሲመታው ቶሎ ብለን የምናሸውም ስለሚያስታግሰን ነው። ስለዚህ እናቴ ወንበሩ ላይ ሆና «ቀለለኝ» ስትል አልተሳሳተችም። ግን እኮ ጉልበቷ ውስጥ ምንም አልተለወጠም። ሻጮቹ «ያለቀውን ልስልስ አጥንት ይተካል» ብለዋታል። ይህ ንጹሕ ውሸት ነው። የሳሳ ልስልስ አጥንት በዚህ ማሽን አይመለስም።

ማስታገሱ ራሱ ቢሆን ልስልስ አጥንት ሲሳሳ ለሚመጣው የጉልበት ሕመም (የጉልበት አርትራይተስ ለሚባለው) አልተረጋገጠም። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2009 በ813 ሕሙማን ላይ የተደረጉ 18 ጥናቶችን መርምሮ፣ ጥናቶቹ ትንንሽና ደካማ ስለሆኑ ይጠቅማል ለማለት አልቻለም። በኋላ ስዊዘርላንድ ውስጥ 220 ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው፣ ለግማሾቹ እውነተኛው ማሽን፣ ለግማሾቹ ንዝረት የማይልክ አስመስሎ የተሠራ ተሰጣቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በሁለቱ መካከል የሕመም ልዩነት አልተገኘም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 መመሪያው ቴንስ ለጉልበት አርትራይተስ እንዳይታዘዝ አጥብቆ መክሯል፤ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የእንግሊዙ ናይስም እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕሙማን አታቅርቡ ብሏል። እናቴን «አሜሪካ ያሉ ሐኪሞች የሚያዙት» ብለው ነበር የሸጡላት!

እዚያው አሜሪካ እኮ ከጉልበት በታች የሚታሰረውን ኩዌል የተባለ መሰል ዕቃ ይሸጥ የነበረው ኒውሮሜትሪክስ የተባለ ኩባንያ፣ በቂ ማስረጃ ሳይኖር የመላ አካልን ሕመም ያስታግሳል ብሎ አስተዋውቋል በሚል ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ጉዳዩን በስምምነት ለመዝጋት 4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ ስኳር አለባት፤ እግሯ ከደነዘዘ ቆይቷል። በዐሥሩ ቀን ውስጥ አንድም ሰው «ስኳር አለብዎት? ልብዎ ላይ የተተከለ መሣሪያ አለ?» ብሎ አልጠየቃትም። ቤት ወስዳ ስትጠቀም ንዝረቱ ስላልተሰማት ኃይሉን ጨመረችው፣ ደጋግማ ጨመረችው። ቆዳዋ ቀልቶ ውኃ ቋጠረ። የስኳር ሕመምተኛ ቁስል ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) የተገጠመለት ሰው ያለ ልብ ሐኪሙ ፈቃድ ጨርሶ ሊነካው አይገባም። የሚጥል ሕመም ያለበት፣ እግሩ ውስጥ ደም የረጋበት፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን መጀመሪያ ሐኪም ማማከር አለባቸው። ቆዳው በቆሰለ ወይም በደነዘዘ ቦታ ላይ አይለጠፍም።

ስለ ዋጋውም አጣርቻለሁ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ሰፈሯ ያለ ፋርማሲ ጠይቃ፣ ተመሳሳዩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በ40 ዶላር ገደማ እንደሚሸጥ ነገረችኝ። ተለጣፊዎቹም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ መያዛቸውን ያቆማሉ፤ የእናቴ ማሽን ገመድ የሚቀበለው ደግሞ የእነሱን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ወጪው አያልቅም። ገንዘቡን ይመልሱ ብዬ ስሄድ «ማሽኑ ይሠራል፣ ምን ጎደለው?» አሉኝ። ደረሰኝ አልሰጧትም። የሰጧት ማኅተም የሌለው «የዋስትና ካርድ» ነው። የሕክምና መሣሪያ እዚህ አገር ለመሸጥ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት፤ የምዝገባውን ወረቀት አሳዩኝ ስላቸው «ቢሮ ነው ያለው» አሉኝ፣ እስከ ዛሬም አላየሁትም። ባለሥልጣኑ 8482 የሚባል ነፃ የስልክ መስመር አለው፤ እንዲህ ያለ ሻጭ ሰፈራችሁ ከመጣ ሳትከፍሉ ደውሉ።

እናቴን በመጨረሻ መንግሥት ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ወሰድኳት። ባለሙያዋ፣ እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን እየዘረጋች የጭኗን ጡንቻ የምታጠነክርበትን እንቅስቃሴ አሳየቻት። ሐኪሙም ጉልበቷ ላይ የሚቀባ ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ጄል አዘዘላት። ክብደት መቀነስ እንደሚረዳም ነገሯት፤ አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ አራት ኪሎ ይቀንሳል አሏት። ከሁሉ የገረመኝ የምርኩዙ ነገር ነው። እናቴ ለዓመታት ምርኩዟን የምትይዘው በሚያማት ጉልበት በኩል ነበር፤ ለካ የሚያዘው በጤነኛው በኩል ኖሯል። ይህን ለመስማት የካርድ ብቻ ነው የከፈልነው። አሁን ቀስ እያለች ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች፣ ቁስሉም ደርቆላታል።

ሻጮቹ የእኛን ሰፈር አዳራሽ ባለፈው ሳምንት ለቀው ወጥተዋል። ወዴት እንደሄዱ የነገረን የለም። እናታችሁ ሰሞኑን «ነፃ ሕክምና አግኝቻለሁ» ካለቻችሁ ዐሥረኛው ቀን ሳይደርስ አብራችኋት ሂዱ።