ሞተሩ ደህና ነበር፦ ስላይድ አውት ካለው ሞተር ሆም ጋር ከዓመት በላይ

ስላይድ አውት ያለው ሞተር ሆም (ውስጡ እንደ ቤት የተሠራ መኪና) ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ ግዙ። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለ ገዝቼ ከዓመት በላይ ነድቼዋለሁ። ኢንጂኑ ደህና ነው። ፍሪጁ ያቀዘቅዛል። ጣሪያው አያፈስም። ስለነሱ ሌላ የምለው የለኝም። የማወራው ስለ ስላይዱ ነው፤ በተለይ ደግሞ ስለ አንድ ቡሎን።

ስላይድ አውት ማለት የሳሎኑ አንድ ጎን ከነሶፋው ከነጠረጴዛው በቁልፍ ወደ ውጭ የሚወጣበት ነገር ነው። ሲወጣ መኪናው ቤት ይሆናል። ባለቤቴ ረከቦቷን አስቀምጣ ቡና ስታፈላ ልጆቹ ስኒ ሳይረግጡ ያልፋሉ። ሲገባ ግን ሁለት ሰው መተላለፍ ያቅተዋል። የገዛሁት ለዚህ ብዬ ነው፤ ዛሬም በዚህ አልጸጸትም። ችግሩ ስላይዱ ወጥቶ መንዳት አለመቻሉ ነው። አልገባም ካለ እዚያው ናችሁ።

እኛ እዚያው የቀረነው አሳቲግ ደሴት ላይ ነው። የአትላንቲክ ዳር ነው፤ የዱር ፈረሶች በድንኳኑ መሃል ይመላለሳሉ፤ ልጆቼ እስከዛሬ ያወሩታል። የብሔራዊ ፓርኩ ካምፕ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ስለሌለው የምትኖሩት በባትሪና በጄኔሬተር ነው። ልንመለስ ስንል ቁልፉን ተጫንኩ። ስላይዱ አንድ ስንዝር ያህል ገባና ቆመ። ከዚያ በኋላ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ። ትንሽ ቆይቼ ስጫነው ደግሞ ጥቂት ሄዶ ይቆማል።

መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን አየሁ። ብዙ ሞተር ሆሞች የእጅ ፍሬን ካልተያዘ ስላይዱን አያንቀሳቅሱም። ተይዟል። ባትሪውን በቴስተር ለካሁ፤ 12.6 ቮልት፣ ሙሉ ነው። ጄኔሬተሩን አስነሳሁ፤ ቻርጀሩ ወደ 13.6 ከፍ አደረገው። ስላይዱ ግን ያው ነው። ቫልቮላ አልተቃጠለም። መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል፣ የውሃ ፓምፑ ይሠራል። በመጨረሻ ከሥር ገብቼ ስላይዱን የሚጎትተውን የኤሌክትሪክ ሞተር ፍሬን ለቅቄ በመፍቻ እያዞርኩ አስገባሁት። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ አሸዋ ላይ ተኝቶ ሥራ ነው!

ቤት እንደተመለስን አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ቁልፉን ሁለቴ ተጭነው «ሞተሩ አልቋል፣ መቆጣጠሪያ ሳጥኑም ቢቀየር ይሻላል» አሉኝ። ሂሳቡ ከ1,000 ዶላር በላይ። አንድ ሽቦ አልለኩም። ዛሬም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ዕቃ መቀየር ጥገና አይደለም።

ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት አገር ቤት ሳለ የከባድ መኪና ኤሌክትሪሺያን ለነበሩ፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩ አንድ ጋሼ ደወልኩ። ነገሩን ጨርሼ ሳልነግራቸው አቋረጡኝ።

«መብራቱ ይበራል?»

«አዎ ጋሼ፣ ደህና ይበራል።»

«ሞተሩን ተወውና ማሳውን ፈልግ። ደግሞ ቁልፉ ተይዞ እያለ ነው የምትለካው፣ ሰማኸኝ?»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ላብራራ። ማሳ የሚሉት ከረንቱ በሻሲው፣ ማለትም በመኪናው የብረት አካል፣ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መስመር ነው። ባለቤቴ ቁልፉን ተጭና ይዛ እኔ ለካሁ። ባትሪው ራሱ ላይ 12.2 ቮልት፤ ጥሩ ነው። ሞተሩ ላይ 8.7! ሦስት ቮልት ተኩል መንገድ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው። የት? ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሩ ድረስ ስለካ የጠፋው 0.3 ብቻ። ከሞተሩ ኔጌቲቭ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ግን 3.2። እዚያ መስመር ላይ ዜሮ አካባቢ ነው ማየት ያለባችሁ። ግማሽ ቮልት ካለፈ ችግር አለ።

ያለ ጭነት ሲለካ ለምን ሁሉም ሙሉ መሰለ? ከረንት በሌለበት ቮልት አይጠፋም። ሞተሩ ስላይዱን ሲጎትት 30 አምፒር ቢስብ፣ ዝገት የፈጠረው 0.1 ኦም ሬዚስታንስ ብቻ 3 ቮልት ይበላበታል። 1 አምፒር የሚስብ አምፖል ግን በዚያው ዝገት በኩል ቢያልፍ እንኳ የሚያጣው 0.1 ቮልት ነው። ስለዚህ መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ይደክማል። ደክሞ ሲቆም ብሬከሩ ግሎ ይቆርጣል፤ ሲበርድ በራሱ ይመለሳል። ቆይቼ ስጫነው ጥቂት የሚሄደውም በዚህ ነው።

ጥፋተኛው ከሥር ነበር። ከሞተሩ የሚመጣው ጥቁር ገመድ ሻሲው ላይ በአንድ ቡሎን ታስሯል። ቡሎኑ የታሰረው በቀለሙ ላይ ነው፤ ብረቱ አልተፋቀም። በሥሩ የባሕር አየርና ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ገብቶበታል። ስፈታው የገመዱ ጫፍ አረንጓዴ ዱቄት አራገፈ፣ ሮንዴላው በእጄ ላይ ተሰበረ። ከላይ ሲታይ ግን ጥብቅ ያለ፣ ምንም የማይነካው ይመስል ነበር።

ጥገናው አንድ ከሰዓት አልፈጀም። መኪናውን ከግድግዳ መሰኪያ ነቅዬ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ሻሲውን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፈተግኩት። አዲስ የገመድ ጫፍ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ፣ አዲስ ቡሎን፣ ከላይ ግሪስ። በዚያ ላይ ወፈር ያለ ሁለተኛ ገመድ ከሞተሩ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ዘረጋሁ። እንደገና ስለካ የጠፋው 0.1። ያ «አልቋል» የተባለው ሞተር ስላይዱን ሳይንገታገት ጎትቶ አስገባው። እስከዛሬ እሱው ነው የሚሠራው።

ሻጩ ይህን ቢሰማ የሚለኝን አውቃለሁ። «ያገለገለ ነው የገዛኸው፣ ዝገት ያለ ነገር ነው።» እሺ፣ ዝገት ያለ ነው። ቀለም ላይ ቡሎን ማሰር ግን ዝገት ያመጣው ሳይሆን ሰው የሠራው ነው፤ መኪናው አዲስ እያለም እንዲሁ ነበር። «ቁልፍ መጫን ብቻ ነው» ብለኸኝ ነበር። ቁልፉ እንቢ ሲል ስላይዱ በእጅ እንዴት እንደሚገባ ለምን አላሳየኸኝም? ሶፋውን ለማሳየት ጊዜ ነበረህ። ያቺን የሞተር ፍሬን ማሳየት ከዚያ ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጀው፣ ልጆች ይዞ በረሃ ለሚወጣ ሰው ደግሞ ከሶፋው በላይ ታስፈልገዋለች።

መኪናውን ግን እወደዋለሁ። ነገ ቢሰረቅ ተመሳሳዩን እፈልጋለሁ፣ ስላይዱንም ጭምር። የምገዛው ግን ሞተሩ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ከሆነ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ሞተሩን ግድግዳ ውስጥ ስለሚቀብሩት ለመድረስ ብዙ ነገር መፍታት ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም።

ልትገዙ ስትሄዱ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ርካሹም ይበቃል። መኪናው ከግድግዳ መሰኪያ ይነቀል፤ ሻጮች ሰክተው ነው የሚያሳዩት፣ ቻርጀሩ ደካማውን ባትሪ ይሸፍንለታል። ስላይዱን በባትሪ ብቻ አስወጡት፣ አስገቡት። ሻጩ ቁልፉን ይዞ እያለ እናንተ ከሥር ገብታችሁ ከሞተሩ ኔጌቲቭ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለኩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበባችሁ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ያንን ቡሎን አስፈቱት።