የተዘጋው ወይስ ክፍቱ? የርካሽ ጊታር ባለ5 ቦታ ስዊች
በርካሽ ባለሦስት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ክፍል) ጊታር ውስጥ የሚመጣው የፒክአፕ መምረጫ ስዊች አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋ ሳጥን ነው፤ ሽቦ የሚበየድባቸው 8 እግሮቹ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ክፍቱ ግን በሁለት ጎን አራት አራት እግር አለው፤ ብረቶቹ ሲነካኩ በዓይን ይታያሉ። የፒያሳ የበጋ አቧራ ገብቶ ድምፁ መቆራረጥ ሲጀምር፣ ክፍቱን ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መነካኪያ ማጽጃ ስፕሬይ) ነፋ አድርጎ ደጋግሞ ማመላለስ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ፈሳሹ በደንብ አይደርስም፤ ስለዚህ ምርጫችን ክፍቱ ነው። ሰፋ ስለሚል ግን ከመግዛትዎ በፊት የጊታሩን ጉድጓድ ይለኩ።

ሽቦ ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ። የሳጥኑ እግሮች ቅደም ተከተል እንደ አምራቹ ይለያያል፤ በመልቲሜትር ያረጋግጡ። ሁለት ፒክአፖች አብረው በሚሠሩባቸው ቦታ 2 እና 4 ላይ ድምፁ ቀጥኖ ቤዙ ከጠፋ፣ የመሃሉ ፒክአፕ ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠዋል፤ ያቀያይሯቸው። የመሃሉ ሽቦው በተቃራኒ የተጠመጠመና ማግኔቱ የተገለበጠ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከመብራት የሚመጣው የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ይቀንሳል።