የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ የፊኛ መዝገብ፦ ከጎንደር ሆኖ የደቡብ ዋልታን ሞገድ ለሚከታተል

በጎንደር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤቱ በተዘጋባቸው ሳምንታት፣ ከሁለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር ሆኜ በአሜሪካ የሚገኘው የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ በድረ ገጹ ላይ በነጻ የሚያቀርበውን የአየር ሁኔታ ፊኛዎች መዝገብ ስጠቀም ቆይቻለሁ። ዓላማችን በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ የሚነሡትን የከባቢ አየር የስበት ሞገዶች በገዛ እጃችን አስልተን ማየት ነበር። መዝገቡ ለዚህ ሥራ እስከ ምን ድረስ እንደሚበቃና የት ላይ እንደሚያንስ ሌላ መምህር ወይም ተማሪ አስቀድሞ ቢያውቀው ብዙ ድካም ይቀርለታል።

በቅድሚያ ስሙን ላጥራ። «የስበት ሞገድ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንስታይን የተነበየውንና ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሃዱ የሚፈጠረውን ሞገድ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ግን ጎንደሬ ሁሉ በዓይኑ ያየውን ዓይነት ነው። በጥምቀት ዕለት ከቀሃ ወንዝ በተሞላው የፋሲል ጥምቀተ ባሕር፣ ጸበሉ ተባርኮ ወጣቶቹ ዘለው ሲገቡ ውኃው ይነሣል፤ ስበት መልሶ ያወርደዋል፤ ከነበረበት አልፎ ስለሚሰምጥ ደግሞ ተመልሶ ይነሣል፤ ይህ ምልልስ እየሰፋ ሄዶ የድንጋዩን ግንብ ይመታል። አየርም እንዲሁ ነው። ተራራ ገፍቶት ወይም ኃይለኛ ነፋስ ረብሾት ከተደላደለበት ከፍ ያለ አየር ከአካባቢው ይልቅ ቀዝቅዞና ከብዶ ስለሚገኝ ወደ ታች ይመለሳል። በስትራቶስፌር (ዝናብና ደመና ከሚበዛበት ከታችኛው የአየር ንብርብር በላይ ባለው ንብርብር) እጅግ ፈጣኑ ምልልስ አምስት ደቂቃ ያህል ሲወስድ፣ የምድር መሽከርከር የሚገዛቸው ዘገምተኞቹ ሞገዶች ግን ብዙ ሰዓታት ይፈጃሉ። በዋልታ ምድር ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል፤ በክረምት በተራሮች ላይ የሚነሣ ሞገድ አየሩን ለጊዜው ከዜሮ በታች ከ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊያቀዘቅዘው ይችላል፤ ያን ጊዜ በስትራቶስፌር ደመና ይፈጠራል፤ በዚያ ደመና ቅንጣቶች ላይ የሚካሄደው ኬሚካዊ ለውጥ ደግሞ ፀሐይ ስትመለስ ኦዞንን ለሚያጠፋው ክሎሪን መንገድ ይከፍታል።

ከመዝገቡ የመረጥነው የጃፓንን የሾዋ ጣቢያ ሲሆን የጣቢያው መለያ ቁጥር 89532 ነው። ስሙን ሲሰሙ ተማሪዎቼ «ሸዋ ነው እንዴ?» ብለው በደስታ ጠየቁኝ፤ የጃፓኖች የሾዋ ዘመን (የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ዘመን) መጠሪያ መሆኑን ነገርኳቸው። ምርጫው ግን ለስሙ ብቻ አልነበረም። በ1957 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ይህ ጣቢያ በ69 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ ላይ፣ ከጎንደር በቀጥታ ወደ ደቡብ በሚወርደው መስመር አጠገብ ይገኛል፤ የሰዓት አቆጣጠሩም ከእኛ ጋር አንድ ነው። በመዝገቡ ላይ «00» እና «12» ተብለው የተጻፉት የዓለም አቀፍ ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ናቸው። እኛ በክረምቱ ዝናብ ቤት ተቀምጠን ስናሰላ፣ በዚያ ደግሞ ሰዎች በዋልታው ክረምት ብርድ ፊኛ ይለቅቁ እንደነበር ማወቁ ተማሪዎቹን ከማንኛውም ስብከቴ በላይ አትግቷቸዋል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አካባቢውን፣ ቀኑንና ጣቢያውን መርጠው ሲጠይቁ የግፊት፣ የከፍታ፣ የሙቀት፣ የእርጥበትና የነፋስ ቁጥሮች የተደረደሩበት ሠንጠረዥ ይመጣል። ምዝገባም ክፍያም የለውም፤ ሠንጠረዡ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ በሞባይል ኢንተርኔትም ቶሎ ይከፈታል። በዚህ ረገድ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የመዝገቡ ዋጋ በትክክል የገባኝ ሚሊሜትር ወረቀት ላይ ሥራ ስንጀምር ነው። እኛ ባወረድናቸው ሠንጠረዦች የነፋሱ ፍጥነት በኖት (በመርከብና በአውሮፕላን ጉዞ በሚሠራበት የፍጥነት መለኪያ) ስለተጻፈ በ0.514 እያባዛን ወደ ሜትር በሰከንድ ለወጥነው፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን የሚነፍሰውን ክፍል ለየን፤ ለስላሳውን የጀርባ ነፋስ በሁለተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል (ቀስ ብሎ በሚጎብጥ መስመር) ገምተን ቀንሰን የቀረውን ከከፍታ ከፍታ ነጥብ በነጥብ አስቀመጥን። ነጥቦቹ በእርሳስ ሲያያዙ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው የአየር ንብርብር ውስጥ የተዛባ ሞላላ ቅርጽ ወጣ። ተማሪዋ እርሳሷን ሳታነሣ «ቲቸር፣ ከፍ ባልኩ ቁጥር ወደ ግራ ይዞራል፤ ተሳስቼ ይሆን?» አለችኝ። ሳይንና ኮሳይን ከተቀያየሩ ዙሩ ስለሚገለበጥ መጀመሪያ ስሌቷን አየሁት፤ ትክክል ነበር። «አልተሳሳትሽም» አልኳት፤ «በደቡብ ንፍቀ ክበብ ነፋሱ ከከፍታ ጋር ወደ ግራ ከዞረ ሞገዱ ጉልበቱን ወደ ላይ እየወሰደ ነው ማለት ነው፤ በእኛ በሰሜን ቢሆን ኖሮ ወደ ቀኝ በዞረ ነበር።» የሞላላው አጭርና ረጅም ወገኖች ጥምርታ ደግሞ የሞገዱን የምልልስ ጊዜ ለመገመት ያስችላል፤ በሾዋ ኬክሮስ የዚህ ጊዜ ጣሪያ 13 ሰዓት ያህል ሲሆን በጎንደር ኬክሮስ ግን ከሁለት ቀን በላይ ነው። አንድ ፊኛ፣ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ይህን ያህል ይናገራሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

እጥረቱን ሳልናገር ባልፍ ግን አንባቢን መበደል ይሆንብኛል። ዘመናዊ ራዲዮሶንድ (በፊኛው ላይ የሚንጠለጠለው መለኪያ መሣሪያ) በየሰከንዱ ይለካል፤ ፊኛውም በሰከንድ አምስት ሜትር ያህል ስለሚወጣ መለኪያው በየአምስት ሜትሩ ነው ማለት ነው። እኛ በተጠቀምንባቸው ሠንጠረዦች ያለው ግን በጠባብ የመገናኛ መስመር እንዲያልፍ ተብሎ እንዲያጥር የተደረገው መልእክት ነው፤ ከ100 እስከ 10 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ድረስ የግዴታ ደረጃዎቹ፣ ማለትም ጣቢያ ሁሉ የግድ የሚያሳውቃቸው የግፊት ደረጃዎች፣ ስድስት ብቻ ሲሆኑ፣ የተቀሩት ነጥቦች ጉልህ ለውጥ በታየበት የተጨመሩ ናቸው። ስለዚህ ቁመታቸው ከአንድና ከሁለት ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ሞገዶች በአብዛኛው ይጠፋሉ። ይህ የመልእክቱ ባሕርይ እንጂ የመዝገቡ አያያዝ ጉድለት አይደለም። በቀን ሁለት ፊኛ መለቀቁም 13 ሰዓት የሚፈጅን ሞገድ ከፊኛ ወደ ፊኛ ለመከተል አያስችልም፤ ዕድሉ ያለው በአንዱ ጉዞ ውስጥ የሚታየውን ቅርጽ በማንበብ ላይ ነው። በዋልታ ክረምት ደግሞ ብርዱ የፊኛውን ጎማ ግትር ስለሚያደርገው ቀድሞ ይፈነዳል፤ በዚህም የተነሣ ከሁሉም በላይ የምንፈልጋቸው የሐምሌና የነሐሴ ሠንጠረዦች አንዳንዶቹ ባጭሩ ተቆርጠው አግኝተናቸዋል።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ለመጀመሪያ ዲግሪ የመመረቂያ ሥራ መዝገቡን ያለማመንታት እመክራለሁ። የሞገዶችን የኃይል መጠን ከወቅት ወቅት አነጻጽሮ ለማሳተም የሚያስብ ተመራማሪ ግን የየሰከንዱን መረጃ ከየጣቢያዎቹ ባለቤት ተቋማት መጠየቅ ይኖርበታል። ስሌቱን የሚጀምር ሁሉ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን ብቻ ይውሰድ፤ በትሮፖስፌር (በታችኛው የአየር ንብርብር) እና በስትራቶስፌር ድንበር ላይ ሙቀቱ በድንገት ስለሚታጠፍ ፖሊኖሚያሉ ያልነበረ ሞገድ ይፈጥራል፤ እኛ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ስንከታተል የከረምነው እንዲህ ያለውን ሐሰተኛ ሞገድ ነበር።