ስምንት ወር ከዩሲኤም 6302 ጋር፦ መብራትም ሰርቨርም ሲጠፋ የክሊኒካችን ስልኮች

ጥቅምት ላይ ዩሲኤም 6302 የተባለውን የስልክ ማዞሪያ ስገዛ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የክሊኒካችን 22 የጠረጴዛ ስልኮች በአንድ ጊዜ ዝም እንዳይሉ። ከዚያ በፊት ጥሪዎችን ከክፍል ክፍልና ከውጭ መስመር የሚያገናኘው የስልክ ማዞሪያ የሚሠራው የሕሙማን መረጃ በተቀመጠበት ሰርቨር ላይ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ሰርቨሩ ቀጥ ሲል መረጃውም ስልኩም አብረው ሄዱ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የአንድ ሕፃን የደም ውጤት በወረቀት ይዛ ከሦስተኛ ፎቅ እየሮጠች ስትወርድ ደረጃው ላይ አገኘኋት። ስልኩ ከሰርቨሩ መለየት አለበት ብዬ የቆረጥሁት ያን ዕለት ነው።

የገዛሁት የግራንድስትሪም ዩሲኤም 6302 ራሱን የቻለ ማዞሪያ ነው። ከውጭ ሁለት መደበኛ የስልክ መስመር ይቀበላል፤ ሁለት ተራ ስልክ ደግሞ በቀጥታ ይሰካበታል። ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ ሦስት ጊዜ ወድቋል፤ ስልኮቹ አንዴም አልተነኩም።

ያስቸገረኝ ማዞሪያው ሳይሆን ዙሪያው ነው። ታኅሣሥ ላይ ኢንተርኔት ተቋረጠ። የውስጥ ጥሪ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ አልተጨነቅሁም። ሆኖም አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልኮቹ ተራ በተራ ከመስመር ወጡ፤ መጀመሪያ ፋርማሲ፣ ቀጥሎ ካርድ ክፍል። ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ስልኮቹ ማዞሪያውን የሚፈልጉት በአይፒ ቁጥሩ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ ባለው አድራሻ፣ ሳይሆን በስም ኖሯል፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚመልስላቸው ሰርቨር ደግሞ ያለው ውጭ ነው። ስልኮቹ ደግሞ ማዞሪያው ላይ ያላቸውን ምዝገባ በየ3600 ሰከንዱ ማደስ አለባቸው። የእያንዳንዱ ተራ ሲደርስ ስሙን ይጠይቃል፣ መልስ ያጣል፣ ይወድቃል። የማዞሪያውን ቋሚ አይፒ በሁሉም ላይ አስገባሁ። አድራሻ የሚያድላቸው ራውተሩ ስለነበር ለስልኮቹም ቋሚ አድራሻ ሰጠኋቸው። አሁን ራውተሩ ቢነቀልም በውስጥ ቁጥር እንገናኛለን።

መብራት ሌላ ጣጣ ነው። ስልኮቹ ኃይል የሚያገኙት በኔትወርክ ገመዱ በኩል ገመዶቹን ሁሉ ከሚያገናኘው ስዊች ስለሆነ፣ ስዊቹ ከጠፋ ማዞሪያው ቢበራም ዋጋ የለውም። መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል የሚሰጠን የዩፒኤሳችን ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። እያንዳንዱ ስልክ 4 ዋት ያህል ቢወስድ 22ቱ ብቻቸውን 88 ዋት ይፈልጋሉ። በወረቀት እንኳ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በተግባር የቆየልን 20 ደቂቃ ነበር። ስለዚህ ስልኮቹን በሁለት ስዊች ከፈልኋቸው። ድንገተኛ ክፍል፣ ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲና ተረኛ ሐኪም ዩፒኤሱ ላይ ቀሩ። የአስተዳደር ቢሮዎች፣ የእኔም ጭምር፣ መብራት ሲሄድ ይጠፋሉ።

ገንዘቤ በከንቱ እንዳልወጣ ያረጋገጥሁት ግንቦት ላይ ነው። ሌሊት መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩ አልነሣ አለ፣ ባትሪውም አለቀ። ማዞሪያው ጨርሶ ኃይል ሲያጣ የውጭውን መስመር ከተሰካበት ተራ ስልክ ጋር በቀጥታ ያገናኛል። ተረኛዋ ነርስ ወደ ሆስፒታል የሚላክ ሕመምተኛ ነበረባት። በእጅ ባትሪ ብርሃን የድንገተኛ ክፍሉን አሮጌ ስልክ አነሣች፤ መስመሩ ድምፅ ነበረው። 907 ደውላ አምቡላንስ ጠራች። ጠዋት ስትነግረኝ እጇን ይዤ አመሰገንኋት።

ይህ የሚሠራው ግን መስመሩ የመዳብ ሽቦ ሲሆን ነው፤ 48 ቮልት ያህል ኃይል ከስልክ ጣቢያው ይዞ ይመጣልና። መስመራችሁ ወደ ፋይበር ተቀይሮ ከሆነ ግድግዳው ላይ ያለው ሞደም ራሱ መብራት ይፈልጋል፤ ለእርሱም ባትሪ አዘጋጁ። ገመድ አልባ ስልክም አትሰኩበት፤ መቀመጫው ያለ ሶኬት አይሠራም። ደግሞም በዚያ ሁኔታ ጥሪ ወደ ሌላ ክፍል ማስተላለፍ አይቻልም፤ ያ ስልክ የት እንደሚቀመጥ አስቀድማችሁ አስቡበት።

ዛሬም ብገዛ ይህንኑ እገዛለሁ። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ተገልጋይ ሲቀንስ፣ የማዞሪያውን ኃይል ነቅዬ ሁለቱን ተራ ስልኮች አነሣለሁ። በዚህ ወር ሁለተኛው ዝም አለ። ጣሪያው ሥር ሽቦውን አይጥ በልቶት አገኘሁት፤ ማታውኑ ተቀየረ።