ክራክ ፎቶሾፕ፣ ጊምፕ ወይስ ፎቶፒያ? ኤዲቲንግ ለሚጀምር ሰው

በዚህ ክረምት ብቻ አምስት ሰው ጠይቆኛል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ልጄ የፎቶ ኤዲቲንግ ኮርስ ጀምራለች፤ ምን ላስጭንላት?» አንዱን በስልክ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ቴሌግራም ላይ ይጠብቀኛል። አንዴ ልጻፈውና እፎይ ልበል።

መልሴ ፎቶፒያ ነው፤ ብሮውዘር ውስጥ የሚከፈት ነፃ የፎቶ ኤዲቲንግ ፕሮግራም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ከኪሴ ከወጣው ልጀምር።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሱቅ ገብቼ በ300 ብር ክራክ ፎቶሾፕ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ፣ አስጫንኩ። ልጁ ፍላሹን ሰካ፣ አንቲቫይረሱን አጠፋ፣ በአሥር ደቂቃ ጨረሰ። «ዕድሜ ልክ ነው» አለኝ። ዕድሜ ልኩ ሁለት ሳምንት ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ፍላሼን ስከፍት በቫይረስ ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ላፕቶፑም እንደ ኤሊ መጎተት ጀመረ። ጠጋኙ «ፎርማት ነው መፍትሔው» ብሎ 600 ብር ተቀበለኝ። ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ነገር በፎርማት አብሮ እንደሚሄድ የተማርኩት ያኔ ነው። የእህቴ ልጅ የክርስትና ፎቶዎች እዚያው ነበሩ። 900 ብር አውጥቼ ፎቶሾፕም የለኝ፣ ፎቶም የለኝ። እህቴ በየበዓሉ ታነሳብኛለች።

«ታዲያ ኦሪጅናሉን አትገዛም?» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ እናስላው። ፎቶሾፕ ሲኤስ6 ከሚባለው የድሮ እትም በኋላ የሚገኘው በኪራይ ብቻ ነው። በወር 20 ዶላር ገደማ ያዙ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከመጀመሩ በፊት ይህ በባንክ ወደ 1,150 ብር ነበር። አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በ12 አባዙትና ተቀመጡ። ክፍያው ደግሞ በዶላር ካርድ ነው፤ በቴሌብር አይሆንም። ዲሲ ያለ ወንድም ከፍሎላችሁ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ተጠቀሙበት። በዚያ ላይ አዲሱ እትም ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይፈልጋል። ተማሪው የሚይዘው ያገለገለ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ 4 ጊጋ ነው።

ጊምፕ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የፎቶ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው። የበርክሌይ ተማሪዎች የነበሩ ሁለት ልጆች በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ነው፤ እስከ ዛሬም ከራሱ ገጽ በነፃ ይወርዳል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ዳታ ለሚያልቅበት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን ለኮርስ አልወደድኩትም። አስተማሪው «እዚህ ጋ ተጫኑ» ሲል ጊምፕ ላይ ያ ነገር ሌላ ቦታ ነው። የክፍሉን የፒኤስዲ (የፎቶሾፕ) ፋይል ስከፍትበት ጽሑፉ ሥዕል ሆኖ መጣልኝ፤ ስም ማረም አልቻልኩም። የምታወርዱ ከሆነ ደግሞ አድራሻውን ደጋግማችሁ እዩ። በ2022 እ.ኤ.አ. የጊምፕን ገጽ የሚያስመስል ሐሰተኛ ገጽ በጉግል ማስታወቂያ ወጥቶ ሰው ቫይረስ ሲያወርድ ነበር።

ፎቶፒያ የሚጫን ነገር የለውም፤ ክሮም ላይ ይከፈታል። ኢቫን ኩትስኪር የሚባል አንድ ሰው ነው የሠራው። ነፃ ነው፤ በጎን በኩል ማስታወቂያ ያሳያችኋል፣ ይኼው ነው። ፎቶው ከማሽናችሁ አይወጣም። አንዴ ከተከፈተ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው ይቀጥላል። ሜኑው የፎቶሾፕ ወንድም ነው፤ ፒኤስዲውንም ከነጽሑፉ ከፍቶ ያሳርማል።

የጎረቤታችን ልጅ የመጀመሪያ የክፍል ሥራዋ ጉርድ ፎቶ ነበር፦ 3 በ4 ሴንቲ፣ ጀርባው ነጭ። በእኔ ላፕቶፕ፣ በፎቶፒያ ነው የሠራችው። መጀመሪያ ጀርባውን በማጂክ ዋንድ (ተመሳሳይ ቀለም በአንድ ክሊክ በሚመርጠው) መርጣ ዲሊት አለችው። አፍሮዋ እንደ ተላጨ በግ ሆነ! ሁለተኛ ጊዜ በብሩሽ እየቀቡ በሚመርጡበት ኩዊክ ሰሌክሽን ተጠቅማ፣ የፀጉሩን ጠርዝ በሪፋይን ኤጅ (የጠርዝ ማጥሪያው) አጥርታ፣ ጀርባውን ሳታጠፋው በማስክ (በሚመለስ መሸፈኛ) ደበቀችው። አሁን ፀጉሩ ፀጉር መሰለ። ሬዞሉሽኑን በኢንች 300 ፒክስል አድርጋ 354 በ472 ፒክስል አወጣች፤ 10 በ15 ሴንቲ ወረቀት ላይ ዘጠኝ ደረደረች። አስተማሪዋ በምን እንደሠራችው እንኳን አላወቀም።

ሁለተኛው ሥራ የሠርግ ጥሪ ካርድ ነበር። እዚህ ላይ የአማርኛ ፎንት ጉዳይ አለ። ፎቶፒያ የፎንት ዝርዝር ውስጥ የምትፈልጉትን ካጣችሁ አትደናገጡ። አቢሲኒካን ወይም ሌላ ነፃ የግዕዝ ፎንት አውርዳችሁ ፋይሉን በማውስ ጎትታችሁ መስኮቱ ላይ ጣሉት፤ ይቀበላል።

የፎቶፒያን ጉድለት አልደብቅም። ሦስት ሜትር ባነር በ4 ጊጋ ራም ስትሠሩበት ያቃስታል። ለማተሚያ ቤት ቀለም በትክክል መለየት ከፈለጋችሁ ፎቶሾፕ ይበልጣል፤ ነገር ግን እዚያ የሚደርስ ሰው ገቢ ጀምሯል፣ ኪራዩን ከሥራው ይክፈል። ዋናው ጣጣ መብራት ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ መብራት ሲጠፋ ያላስቀመጣችሁት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። በየአሥር ደቂቃው ፒኤስዲ አድርጋችሁ ሴቭ በሉ። ዴስክቶፕ ላይ ግን አይሁን።