ወታደር የለቀቀው የሲያትሉ መናፈሻ

ሲያትል ልጄ ዘንድ ሦስት ወር ከርሜ ጎንደር ከተመለስኩ ሳምንቴ ነው። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ "ምን አየሽ?" ይለኛል። እኔም የማወራው ስለ ዲስከቨሪ ፓርክ ነው። ልጁን ሊጠይቅ ወደዚያ የሚሄድ ወላጅ ሳያየው እንዳይመለስ።

ቦታው ባሕሩን ከላይ የሚያይ አምባ ነው። ድሮ ፎርት ላውተን የሚባል የጦር ሰፈር ነበር። በፈረንጆቹ 1900 ተከፈተ፤ በ1973 የሕዝብ መናፈሻ ሆነ። ስፋቱ ከ200 ሄክታር በላይ ነው። መግቢያ አይከፈልም። የመኮንኖቹ የእንጨት ቤቶች ዛሬም በረድፍ ቆመዋል። ወታደር ይሰለፍበት የነበረው ሜዳ ለምለም ሣር ነው። እኛ በሄድንበት ቀን አንድ አባት ከትንሽ ልጁ ጋር ኳስ ይራገጥበት ነበር።

ጦሩ ሊለቅ ሲል፣ በ1970፣ የአገሩ ቀደምት ነገዶች "መሬቱ የእኛ ነበር" ብለው አጥሩን ዘለው ገቡ። መሪያቸው በርኒ ኋይትቤር ይባላል። ታሰሩ፣ ተመልሰው ገቡ፣ ተደራደሩ። ዛሬ መናፈሻው ውስጥ የራሳቸው የባህል ማእከል አላቸው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ።

ልቤን የነካው ግን መቃብሩ ነው። ከአሜሪካኖቹ ረድፍ ተለይቶ፣ ጥግ ላይ፣ አንድ ጣልያናዊ ተቀብሯል። ጉልዬልሞ ኦሊቮቶ ይባላል፤ የጦር ምርኮኛ ነበር። በ1944 ሰፈሩ ውስጥ ረብሻ ተነሣና በማግስቱ ተሰቅሎ ተገኘ። በረብሻው 28 ጥቁር ወታደሮች ተፈረደባቸው። ፍርዱ ትክክል እንዳልነበር ታምኖ የተሻረው በ2007 ነው፤ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ! አብዛኞቹ ይህን ሳይሰሙ አልፈዋል።

እኛ ጎንደሬዎች ጣልያንን በሌላ መልኩ ነው የምናውቀው። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ እጁን የሰጠው እዚሁ እኛ ጋ ነው፤ ኅዳር 1934 ዓ.ም.። እናቴ ያንን ዘመን ስታወራ ድምጿ ይለወጥ ነበር። እዚያ መቃብር ላይ ግን "ነፍስ ይማር" አልኩ። ከአገሩ ርቆ የሞተ የእናት ልጅ ነው።

ወደ ባሕሩ ለመውረድ ለምታስቡ፦ ቁልቁለቱ ቀላል ነው፣ መመለሻው ዳገት ግን ጉልበት ይፈትናል። አዛውንት ከሆናችሁ መጀመሪያ የጎብኚዎች ማእከል ግቡና እስከ ታች በመኪና ለመውረድ ፈቃድ ጠይቁ። እኛ ይህን ያወቅነው ከደከመን በኋላ ነው። ታች በፈረንጆቹ 1881 የተሠራ ነጭ የመርከብ መብራት ቤት አለ። ከባሕሩ ማዶ በረዶ የለበሱ ተራሮች ይታያሉ። ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ጋቢ ያዙ። ቡና የሚሸጥ ስላላየሁ ፔርሙዛችሁን አትርሱ። እኛ ቆሎም ይዘን ነበር፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን በላን።

እዚያ ሳለን የልጅ ልጄ "እምዬ፣ ሰውየው ለምን ብቻውን ተቀበረ?" አለችኝ። የማውቀውን ያህል ነገርኳት። በሚቀጥለው ክረምት ጎንደር ትመጣለች። ጣልያን ሰፍሮበት የነበረውን ፋሲል ግቢን አሳያታለሁ፤ የቀረውን እዚያ እጨርስላታለሁ።