ያገለገለ ጄት ስኪ ለገዛችሁ፦ ቲሲ-ደብሊው3 ወይስ ኤፒአይ-ቲሲ?

ያገለገለ ቱ ስትሮክ (ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር የሚያቃጥል) ጄት ስኪ የገዛ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ርካሹን የጀልባ ዘይት፣ ማለትም የቲሲ-ደብሊው3 መስፈርት ያለውን፣ ባደርግበት ምን ይሆናል? መልሱን የሚወስነው የሞተሩ ስም ነው። ያማሃ ወይም ካዋሳኪ ከሆነ አምራቹ ራሱ ቲሲ-ደብሊው3 ስለሚያዝ እሱን አድርጉ። በሲ-ዱ ጄት ስኪ ላይ ያለው ሮታክስ ሞተር ከሆነ ግን ያለ ማቅማማት ኤፒአይ-ቲሲ የሚባለው ሌላው የቱ ስትሮክ ዘይት መስፈርት ያለውን።

ጄት ስኪ ውሃ ላይ ስለሚሄድ «ደብሊው» የሚለው ፊደል ልብ ያሳርፋል፤ ስህተቱም የሚጀምረው እዚያው ነው። ፊደሉ በውሃ የሚቀዘቅዝ ማለት ቢሆንም መስፈርቱ የወጣው ጀልባ ኋላ ለሚሰቀሉ ሞተሮች ነው። እነሱ ቀዝቀዝ ብለው፣ አብዛኞቹ በደቂቃ ከ6,000 ዙር ሳያልፉ ይሠራሉ። ሮታክስ ወደ 7,000 ይጠጋል፣ ፒስተኑም ይበልጥ ይግላል። የቲሲ-ደብሊው3 ማጽጃ ቅመም አመድ አልባ ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ካንዴላ ስለማያቆሽሽ ይመሰገናል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ግን ይከዳል። ያኔ የፒስተኑ ፋሻ (ሪንግ) ጉድጓዱ ውስጥ ይጣበቃል። 787 እና 951 በሚባሉት የሮታክስ ሞተሮች ላይ ደግሞ ራቭ የሚባለው የጭስ መውጫ ቫልቭ በሙጫ መሰል ቆሻሻ ተይዞ አልከፈትም ይላል። ሞተሩ ከፍተኛ ዙሩን ያጣል፣ ባለቤቱም ጥፋተኛው ቫልቩ ሆኖ ሳለ ካርቡሬተር ሲፈታ ይከርማል። ኤፒአይ-ቲሲ ሙቀት የሚችል ትንሽ የብረታ ብረት ማጽጃ ስላለበት እዚህ ይበልጣል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። የጠርሙሱን ዋጋ ብቻ ማየት ያታልላል፤ ሂሳቡን በቤንዚን ሥሩት። በ50 ለ 1 ድብልቅ 1 ሊትር ዘይት ለ50 ሊትር ቤንዚን ይበቃል። ኤፒአይ-ቲሲው በእጥፍ ቢወደድ እንኳ በየ50 ሊትር ቤንዚኑ የምትጨምሩት የአንድ ርካሽ ጠርሙስ ዋጋ ነው። ከዚያ ወዲያ በፒስተን፣ በፋሻ፣ በጓርኒሲዮን፣ በሲሊንደር ማስጠረቢያና በእጅ ዋጋ አመዛዝኑት። መቆጠብ የፈለገ የሚቆጥብበት ሌላ ቦታ አለ፦ 587፣ 657 እና 717 የሚባሉት ሮታክሶች ራቭ ስለሌላቸው ሚነራሉ ኤፒአይ-ቲሲ ይበቃቸዋል። ሲንተቲክ መግዛት ግድ የሚሆነው ለ787 እና ለ951 ነው።

(ፎር ስትሮክ የገዛችሁ በዚህ ጣጣ ውስጥ የላችሁም፤ የናንተ ወጥመድ ሌላ ነው። ሱፐርቻርጀር (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ባለው ሮታክስ 1503 ላይ «ነዳጅ ቆጣቢ» የሚል የመኪና ዘይት አታድርጉ። በውስጡ ያለው ሰበቃ ቀናሽ ቅመም የሱፐርቻርጀሩን ክላች ያንሸራትታል። ትክክለኛው 5 ደብሊው-40 ነው፣ ከነፊልትሮው ሲቀየር 3 ሊትር ገደማ ይገባል። የቀድሞዎቹ ክላች የሴራሚክ ሮንዴላ ስላለው፣ በብረት መቀየሩን ሻጩን ሳትጠይቁ ክፍያ አትጨርሱ፤ ሴራሚኩ ሲሰበር ፍርፋሪው ወደ ሞተሩ ይወርዳል።)

አስመስሎ የተሠራ ዘይትም ብዙ ነው። እውነተኛ ቲሲ-ደብሊው3 ጠርሙሱ ላይ «አርኤል» ብሎ የሚጀምር የምዝገባ ቁጥር አለው፤ «መስፈርቱን ያሟላል» ብሎ ቁጥሩን የደበቀውን ተዉት። ኤፒአይ-ቲሲ እንዲህ ያለ ቁጥር ስለሌለው ለመኮረጅ ይቀላል፣ ስለዚህ አብሮ «ጃሶ ኤፍዲ» የሚል የጃፓን የዘይት ደረጃ ምልክት ያለበትን ምረጡ። በቀለም አትመኑ። ማቅለሚያ ምንም አያወጣም፤ ሰማያዊም ቀይም ዘይት ስለ ውስጡ የሚናገረው ነገር የለም።

አሁን ዋናው ሥራ። ሻጩ የዘይቱ ሰልባትዮ ውስጥ ምን ዘይት እንዳደረገ በእርግጠኝነት ካልነገራችሁ፣ ያለውን እንደ ባዕድ ቁጠሩት እንጂ አዲሱን በላዩ አታፍስሱ። ቅመማቸው የማይስማማ ሁለት ዘይቶች ሲገናኙ ሊረጉ ይችላሉ። የረጋው ነገር ፊልትሮውን ወይም አንዷን ቀጭን ቱቦ ሲዘጋ አንዱ ሲሊንደር ዘይት እያገኘ ሌላው በደረቁ ይነክሳል (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይያዛል)፤ ከመንከሱ በፊት ደግሞ ምንም ምልክት አይሰጥም።

የዘይቱን ሰልባትዮ በእጅ ፓምፕ እስከ መጨረሻው ምጠጡት። ከሥሩ ወተት የመሰለ ነገር ከወጣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፣ ሳታጠሩት አትሙሉ። መስመሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ፊልትሮ ቀይሩ፤ ዋጋዋ ኢምንት ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው የሚዘላት እሷን ነው። ዘይቱን መጥኖ ለሞተሩ ከሚሰጠው የዘይት ፓምፕ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ከደረቁ ጫፋቸው ይሰነጠቅና አየር ይስባሉ። ስትቀይሩ አዲሶቹን በሲሪንጅ ዘይት ሞልታችሁ ግጠሙ። ከ587 እስከ 787 ያሉት ላይ የሮታሪ ቫልቩን (ነዳጅና አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ቫልቭ) ጥርስ የሚያጠጡ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎችም ከሰልባትዮው ይወጣሉ፤ እዚያ የተኛውን አሮጌ ዘይት ካላፈሰሳችሁ ሥራው ግማሽ ነው።

አዲሱን ከሞላችሁ በኋላ የዘይት ፓምፑን የአየር ማስወጫ ቪቴ አላሉትና አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወርድ ጠብቁ። ለመጀመሪያው ነዳጅ 20 ሊትር ቤንዚን ውስጥ 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ደባልቁ። ጭሱ ይበዛል፣ ካንዴላም ሊያቆሽሽ ይችላል፤ ፓምፑ ባይሠራ ግን ሞተሩን የሚያተርፈው ይህ ነው። ከውሃ አውጥታችሁ በውሃ ጎማ እያቀዘቀዛችሁ ስትሞክሩ መጀመሪያ ሞተሩን አስነሱ፣ ቀጥሎ ውሃውን ክፈቱ። ስታቆሙ ውሃውን አስቀድማችሁ ዝጉ፣ አለዚያ በጭስ መውጫው በኩል ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ሞተሩ በሚኒሞ ላይ እያለ የፓምፑን ማንሻ እስከ መጨረሻው ሳቡና በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ያለው አረፋ ሁሉ እስኪያልፍ ተመልከቱ። ከሁለት ደቂቃ በላይ አታቆዩት።

የዘይቱ ሰልባትዮ ላይ የዘይቱን ከፍታ በማርከር አስምሩ። ያን 20 ሊትር ቤንዚን ስትጨርሱ ዘይቱ ከመስመሩ በግልጽ ወርዶ ከሆነ ፓምፑ ይሠራል፤ ድብልቁን አቁሙ። ካልወረደ እየደባለቃችሁ ንዱ፣ ፓምፑንም ፍቱት።